ግልጽ ደብዳቤ ለልጆች መጻሕፍት አሳታሚዎች፦ አዲሱን ውል ለምን አንፈርምም

ይድረስ፦ የልጆች መጻሕፍት ለምታሳትሙ ሁሉ
ጉዳዩ፦ አዲሱን የውል ቅጽና የሥዕል መጻሕፍትን አያያዝ ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፣

ሰሞኑን ለደራሲያንና ለሠዓሊያን የላካችሁት አዲስ የውል ቅጽ ደርሶናል። አንብበነዋል። የተሳሳተ ፋይል ተልኮልን ይሆናል ብለን ደግመን አንብበነዋል። ስህተት የለውም። መጀመሪያ ከአንድ አሳታሚ የወጣው ቅጽ ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ዘንድ የድርጅቱ ስም ብቻ ተቀይሮ ተገኘ። እኛም ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከመጻፍ ባንድ ላይ ሆነን በአደባባይ ብንጽፍ ይሻላል አልን።

ቅጹን ያላዩ አንባቢዎች እንዲከተሉን ባጭሩ እንናገር። ደራሲውና ሠዓሊው አንድ ጊዜ ተከፍሏቸው ይሰናበታሉ። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ጊዜ ቢታተም ድርሻ የላቸውም። መብቱ በሙሉ፣ ገና ባልተፈለሰፈ ቴክኖሎጂ የሚወጣው ሳይቀር፣ የአሳታሚው ይሆናል። አሳታሚው ጽሑፉንም ሥዕሉንም ለባለቤቶቹ ሳያሳይ መቀየር ይችላል። የሠዓሊው ስም ሽፋኑ ላይ የሚወጣው «እንደ አስፈላጊነቱ» ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ አሳታሚው ሲፈልግ ሠዓሊውን ትቶ ሥዕሉን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማሠራት ይችላል።

ለምን ብለን ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ ከሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ነው። «ለልጆች እኮ ነው፤ ያውም ጥቂት መቶ ቃል።» ክፍያው አስቀይሞናል፣ አንዋሽም። ይህ አነጋገር ግን የበለጠ አስቀይሞናል። ቅሬታችንን እዚሁ ላይ እንጀምር።

የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ይህን እናንተ ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ትልቁ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ሁለቱ ሲደረቡ 32 ይሆናል። ከዚያ ላይ የርዕሱ፣ የቅጂ መብቱና የመታሰቢያው ገጽ ይነሳል። ለታሪኩ የሚቀረው ከ12 እስከ 14 የሚሆን ጥንድ ገጽ ነው። ደራሲው በዚያች ቦታ ሰው ማስተዋወቅ፣ ችግር ማምጣት፣ ማሳቅ፣ ማስደንገጥና መጨረስ አለበት። ረጅም ልብ ወለድ ውስጥ አንድ ደካማ ምዕራፍ ሊደበቅ ይችላል። እዚህ አንድ ደካማ ዓረፍተ ነገር መደበቂያ የለውም። ያውም ጽሑፉ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነው። አንዲት እናት ወይም አንድ አባት ማታ ደክሟቸው፣ «ድገምልኝ» እየተባሉ፣ በተከታታይ ለብዙ ሌሊት ያነቡታል። ምላስ ላይ የሚደናቀፍ ቃል ካለ በሁለተኛው ቀን ይታወቃል። ስለዚህ ደራሲው እያንዳንዱን መስመር በጆሮው እየሰማ ደጋግሞ ይጽፋል። ቃሉ ያነሰው ሥራው ስላነሰ አይደለም። አብዛኛው ሥራ ማውጣትና መጣል ነው፤ የተጣለው ደግሞ ውል ላይ አይቆጠርም።

ለጥቂት መቶ ቃል መጠንቀቅ ምን ያደርጋል ሲባል ምን እንደሚመጣ አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። የቡድናችን አባል የሆነች ደራሲ ከአንድ ሠዓሊ ጋር የሠራችው መጽሐፍ ነው።

ታሪኩ አንድ ልጅ ማታ ከአልጋው ሥር ድምፅ ሰምቶ የሚፈራበት ነው። በቀኝ ገጽ ግርጌ ላይ «ከአልጋው ሥር የሚንኮሻኮሸው ማን ነው?» ይላል። መልሱ ገጹ ሲገለጥ ነው የሚመጣው። ልጁ ገጹን ለመግለጥ ሲጣደፍ፣ አንባቢው ሆን ብሎ ሲያዘገየው፣ የመጽሐፉ ደስታ ያለው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው። ደራሲዋም ሠዓሊውም ገጾቹን አንድ ባንድ ቆጥረው ያስቀመጡት ለዚህ ነበር።

መጽሐፉ ለኅትመት ሊገባ ሲል አሳታሚው መጀመሪያው ላይ የሥራ አስኪያጁን የመልካም ምኞት መልእክት አስገባ። አንድ ገጽ። ማንንም አላማከሩም። በዚህም ሁሉም ነገር በአንድ ገጽ ተገፋ። ግራ የነበረው ቀኝ ሆነ፣ ቀኝ የነበረው ግራ። ጥያቄውና መልሱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጁ «ማን ነው?» የሚለውን ሳይሰማ ዓይኑ መልሱ ላይ ያርፋል። በሁለት ገጽ ላይ ተዘርግቶ የተሣለው ዝሆን ደግሞ ለሁለት ተከፈለ። ኩምቢው በዚህ ገጽ፣ ጭራው ገጹ ሲገለጥ። እህ፣ ገጹ ደግሞ ከ32 ማለፍ ስለማይችል ከመጨረሻው አንድ ገጽ መቀነስ ነበረበት። የተቀነሰው ቃል የሌለው፣ ልጁና ያ የፈራው እንግዳ አብረው ተኝተው የሚታዩበት ሥዕል ነው። ጽሑፍ ስለሌለው ትርፍ መስሏቸው ነው። ታሪኩ መጨረሻውን አጥቶ ወጣ።

ደራሲዋ ያወቀችው መጽሐፉ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ሲላክላት ነው። ስትጠይቅ «ጽሑፉ እኮ አልተነካም» ተባለች። እውነት ነው፣ አንድም ፊደል አልተነካም።

አሁን አዲሱ ቅጽ ይህንን ዓይነት ሥራ ሕጋዊ ሊያደርገው ነው። ከዚህ በፊት ቢያንስ ጥፋት ነበር።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ልጅን ማስተማር ማለት መጨረሻ ላይ መምከር ነው ብላችሁ የምታምኑ ይመስላል። ስለ አንዲት አኩራፊ ድመት የተጻፈ ሳቅ የሞላበት ታሪክ ወደ አርታኢው ይሄዳል። ሲመለስ ከሥሩ «ስለዚህ ልጆች፣ ማኩረፍ ጥሩ አይደለም፤ ታላላቆቻችንን እንታዘዝ» የሚል ይለጠፍበታል። ድመቷ ታላቅ የላትም። ታሪኩ ውስጥ የታዘዘም ያዘዘም የለም። ልጁ ግን መጽሐፉን ሲዘጋ የሚሰማው የመጨረሻ ድምፅ የድመቷ ሳይሆን የተቆጪው ነው። ለአዋቂ በሚጻፍ ልብ ወለድ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ አንባቢያን ሆይ» ብላችሁ ትጨምራላችሁ? አትጨምሩም። ደራሲው ይጮኽባችኋላ።

ሌላው ልማድ ሥዕሉ የተናገረውን በጽሑፍ መድገም ነው። የሥዕል መጽሐፍ የሚሠራው ሁለቱ የተለያየ ነገር ሲናገሩ ነው። ጽሑፉ «ሁሉም ቦታ ፈለጋት፣ የለችም» ይላል። ሥዕሉ ላይ ግን ጭራዋ ከመጋረጃው ሥር ወጥቶ ይታያል። ማንበብ የማይችለው ልጅ ከሚያነብለት ሰው ቀድሞ ያገኛታል፤ «ይኸውልሽ! እዚህ ናት!» ብሎ ይጮኻል። ለአንድ ጊዜ እንኳ ከአዋቂው የበለጠ ያውቃል። አርታኢው ይመጣና «ድመቷ ከመጋረጃው ጀርባ ተደብቃ ነበር» የሚል መስመር ይጨምራል። ግልጽ እንዲሆን ነው ይለናል። አለቀ፣ ጨዋታው ፈረሰ።

አርታኢ አንፈልግም አላልንም። ጥሩ አርታኢ ያገኘን ሰዎች ዕድለኞች መሆናችንን እናውቃለን፤ ከማይረባ ረቂቅ ያዳነን አለ። የምንጠይቀው የተቀየረውን ሳናይ ማተሚያ ቤት እንዳይገባ ነው።

የሠዓሊያኑ ጉዳይ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ስለዚህ ረዘም እንዲል ፍቀዱልን። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ መጽሐፍ የሚያነበው በሥዕሉ ነው። ለእርሱ የመጽሐፉ ደራሲ ሠዓሊው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አብረውን ከሚሠሩት አንዱ ሠዓሊ ለአንድ መጽሐፍ ከግማሽ ዓመት በላይ ሠርቷል። ዋናዋን ልጅ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስትሮጥ፣ ስታለቅስ፣ ስታንቀላፋ እየደጋገመ ሣላት። ይህ ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ከገባው ሥዕል በፊት የሆነ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ስሙ በቅጂ መብቱ ገጽ ላይ፣ ከማተሚያ ቤቱ አድራሻ በታች፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል ተጻፈ። ሽፋኑ ላይ ያለው ሙሉ በሙሉ የእርሱ እጅ ሥራ ነው፤ ስሙ ግን የለበትም።

ይህን በመፈጸም ብቸኞች አይደላችሁም፤ ዓለምም ዘግይቷል። ዓለም አቀፉ የወጣቶች መጻሕፍት ቦርድ በዴንማርኩ የተረት ደራሲ ስም የሚሰጠው የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1956 ሲጀመር ለደራሲ ብቻ ነበር። ለሠዓሊ የተጨመረው በ1966 ነው። አሥር ዓመት ፈጅቷል፣ ግን ተጨመረ። ይኸው ቦርድ ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ኤፕሪል 2 የልጆች መጽሐፍ ቀን እንዲከበር ያደርጋል። በዚያ ዕለት ማኅበራዊ ገጻችሁ ላይ የምትለጥፏቸውን ያማሩ ሥዕሎች እናያለን። የማን እንደሆኑ የሚል የለባቸውም። በነገራችን ላይ የአንደርሰን የልደት ቀን ነው፤ እርሱን በስም ታነሡታላችሁ።

ኤአይን በተመለከተ ሠዓሊያኑ እንጀራችን ተነካ ብለው ብቻ እንደሚቃወሙ ተወርቷል። እንጀራቸው ተነክቷል፤ ይህም ራሱ በቂ ምክንያት ነው። ግን ከእናንተ አንዱ በቅርቡ በዚህ መንገድ ያወጣውን መጽሐፍ ከልጅ ጋር ቁጭ ብላችሁ ገልጡት። ዋናው ልጅ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቢጫ ጫማ አድርጓል። አራተኛው ላይ ባዶ እግሩን ነው። ስድስተኛው ላይ ጫማው ተመልሷል፣ ግን ሰማያዊ ነው። የአያቱ እጅ ስድስት ጣት አለው። ጽሑፉ «ሦስት ወፎች» ሲል ሥዕሉ ላይ አምስት አሉ። አዋቂ ያልፈዋል፤ ልጅ አያልፈውም። ልጅ ወፎቹን ይቆጥራል። «ጫማው የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ደግሞ መልስ እስኪያገኝ አይለቅም። እኛ ጫማው የት እንደሄደ እናውቃለን፣ ምክንያቱም ጫማ ስናወልቅ ለምን እንዳወለቅን አስበን ነው።

መሣሪያው እየተሻሻለ ነው፣ ነገ ጣት ይቆጥራል ትሉን ይሆናል። ይቆጥር። ያኔም ሁለት ጥያቄ ይቀራል። አንደኛው መሣሪያው የተማረው በማን ሥራ ነው? ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ ሥዕሎች ጭምር ነው፤ በዚህ ጉዳይ ሠዓሊያን ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። ሁለተኛው ለእናንተ ለራሳችሁ የሚበጅ ነው። የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 በአንድ የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ላይ በሰጠው ውሳኔ ጽሑፉንና አቀነባበሩን ሲመዘግብ፣ በኤአይ የተሠሩት ሥዕሎች ግን የሰው ድርሰት ስላልሆኑ ጥበቃ አያገኙም ብሏል። በሌሎች አገሮች ሕጉ ሊለያይ ይችላል። ግን ነገ ሌላ ሰው የሽፋናችሁን ሥዕል እንዳለ ገልብጦ ቢሸጥ ምን ብላችሁ እንደምትከሱት ጠበቃችሁን ጠይቁ።

ስለ መብት ካነሣን አይቀር ውሉ ላይ ያለው «ሁሉም መብት፣ በሁሉም መልክ፣ ለዘላለም» የሚለው አንቀጽ ይነሣ። እንግሊዛዊቷን የልጆች መጻሕፍት ደራሲና ሠዓሊ ቢያትሪክስ ፖተርን አሳታሚዎች ሲመልሷት እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያ መጽሐፏን በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። ቀጥሎ በ1902 አሳታሚ አገኘች። በ1903 ደግሞ የገጸ ባሕሪዋን አሻንጉሊት ራሷ ሠርታ በስሟ አስመዘገበች። ከመቶ ዓመት በፊት አንዲት ሠዓሊ ከመጽሐፍ የሚወጣው ነገር መጽሐፍ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷት ነበር። እናንተም ገብቷችኋል፣ ለዚህም ነው አንቀጹን የጻፋችሁት። አሻንጉሊቱን፣ ካርቱኑን፣ ቲሸርቱን፣ የድምፅ መጽሐፉን እንደምትሠሩ ካወቃችሁ ለየአንዳንዱ ተነጋገሩና ክፈሉ። የማትሠሩ ከሆነ ለምን ትይዙታላችሁ?

ጽሑፉንም ሥዕሉንም ሳያሳዩ መቀየርና ስምን እንደ አስፈላጊነቱ መጻፍ የሚባለው ደግሞ ውል ላይ ስለተጻፈ ብቻ ትክክል አይሆንም። የደራሲያንን መብት የሚጠብቀው ዓለም አቀፉ የበርን ስምምነት አንቀጽ 6 ሁለተኛ (6bis) ግልጽ ነው። ደራሲ የኢኮኖሚ መብቱን ሽጦ እንኳ ሥራው የእርሱ መሆኑ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። ክብሩን የሚነካ ማዛባት ሲፈጸምበትም መቃወም ይችላል። ይህ አንቀጽ ስምምነቱ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። አዲስ ነገር አላመጣንም።

ስለ አካላዊ ጥራት ጥቂት ብቻ እንበል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ መጽሐፍ ለልጅ አይሆንም። ልጅ መጽሐፍ ሲገልጥ እስከ ጀርባው ድረስ አጥፎ ነው፤ ሙጫው ይሰነጠቅና ገጾቹ ይበተናሉ። በክር ይሰፋ። ሠዓሊው የገጸ ባሕሪውን ፊት ከመሃል እጥፋቱ ራቅ አድርጎ የሚሥለው እጥፋቱ እንዳይውጠው ነው፤ ዲዛይነሩ «መሃል ይሁን» ብሎ አይጎትተው። ከ3 ዓመት በታች ላሉት በምታሳትሙት ላይ ተነቅሎ የሚዋጥ ጌጥ አትለጥፉ። ይህኛው የጣዕም ጉዳይ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሳችን ጥቅም ውጪ ነው፣ ግን ዝም ማለት አልቻልንም። የዓይነ ስውራን ልጆች መምህር የሆነች ሴት ከመጽሐፎቻችን የአንዱን ጽሑፍ በብሬል ለማውጣት ፋይሉን ጠይቃ ነበር። አሳታሚው «የቅጂ መብት አይፈቅድም» ብሎ መለሳት። ደራሲው እንኳ አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅ በደስታ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የማራኬሽ ስምምነት የተደረገው ለዚሁ ነው፤ የቅጂ መብት ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች እንቅፋት እንዳይሆን። በእኛ ስም ልጅን ከመጽሐፍ አትከልክሉ።

ወጪ እንዳለባችሁ አናጣውም። ባለ ቀለም ኅትመት ውድ ነው፣ ወረቀትም ይወደዳል፣ መጽሐፉም ቶሎ አይሸጥም። ወጪው ሲጠብቅ ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው ሁልጊዜ የእኛ ድርሻ የሚሆነው ለምንድን ነው? ወረቀት ሻጩን «ለልጆች እኮ ነው» ብላችሁ አታስቀንሱትም። የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1989 ሲጸድቅ አንቀጽ 17 ላይ መንግሥታት የልጆች መጻሕፍት እንዲዘጋጁና እንዲሠራጩ ያበረታቱ ብሏል። ድጎማና የቀረጥ ቅናሽ ስትጠይቁ ይህን አንቀጽ ትጠቅሱታላችሁ። አብረናችሁ ለመጠየቅም ዝግጁ ነን። ድጎማው ሲመጣ ግን መጽሐፉን የሠሩትም ይድረሳቸው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

አዲሱ ቅጽ ይነሣ። በምትኩ ደራሲያንና ሠዓሊያን በተወከሉበት ሌላ ይዘጋጅ። እስከዚያ ድረስ አባሎቻችን በድሮው ውል ይሠራሉ፤ አዲሱን አይፈርሙም።

ክፍያው ከሽያጭ ድርሻ ይኑረው። የሥዕል መጽሐፍ ሲሆን ድርሻው ለደራሲውና ለሠዓሊው እኩል ይካፈል። በየስድስት ወሩ የተሸጠው ቁጥር በጽሑፍ ይገለጽልን።

የሚተላለፈው መብት በስም ይዘርዘር፤ የጊዜ ገደብም ይኑረው። መጽሐፉ መታተሙን ካቆመ መብቱ ለባለቤቶቹ ይመለስ።

የመጨረሻው የገጽ አቀማመጥ ደራሲውና ሠዓሊው አይተው ሳይፈርሙበት ማተሚያ ቤት አይግባ። ገጽ መጨመር፣ ገጽ መቀነስ፣ ምክር መለጠፍ ሁሉ ከዚህ ይካተታል። የሥራ አስኪያጁ መልእክት የግድ መውጣት ካለበት የኋላ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ባዶ ነው።

የሠዓሊው ስም ሽፋን ላይ፣ ከደራሲው ጋር በእኩል መጠን ይጻፍ። ማስታወቂያና ማኅበራዊ ገጽ ላይም እንዲሁ።

በኤአይ የተሠራ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ሽፋኑ ላይ ይህንኑ ይግለጽ። የእኛ ሥራ ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችን ለማሽን ማሠልጠኛ አይሰጥ።

ለብሬልና ለድምፅ መጽሐፍ የሚጠየቅ ፋይል ሳይንዛዛ ይሰጥ።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለመነጋገር ከጠራችሁንም እንመጣለን፤ ግን ደራሲውን ለብቻ፣ ሠዓሊውን ለብቻ መጥራት ይቅር።

ከአክብሮት ጋር፣

የልጆች መጻሕፍት ደራሲያንና ሠዓሊያን
ስለ እነርሱ ደብዳቤውን ያዘጋጀው፦ የሥዕል መጻሕፍት ደራሲ